መርዘኛውን እንጉዳይ ከሥሩ ማወቅ

ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ ሲጋመስ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ጀምሮ በየካ ተራራና በእንጦጦ ጀርባ ያለው ደን እንጉዳይ ያበቅላል። ነጩ፣ ቡናማው፣ ቢጫው፣ አንዱ ብቻውን፣ ሌላው ተጠጋግቶ፤ ትናንት ማታ ያልነበረው ዛሬ ጠዋት ቆሞ ይገኛል። ጭራሮ ለቃሚዋም፣ በማለዳ የሚሮጠው አትሌትም «የጅብ ጥላ» ብለው አልፈውት ይሄዳሉ። የዛሬው የከተማ ልጅ ግን እንጉዳይን ከሱፐርማርኬት ገዝቶ፣ ፒዛ ላይ በልቶ፣ በጾም በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሶ ለምዶታል። ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ ልክ ደኑ እንጉዳይ በሚያበዛበት ሰሞን ይገባል። ስለዚህ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፦ «ይሄስ አይበላም?»

«አይበላም» ትክክለኛ መልስ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ያልገባው ሰው፣ «እኔ አውቀዋለሁ» የሚል አንድ ደፋር ሲገጥመው በቀላሉ ይረታል። ስለዚህ ምክንያቱን እናፍታታው። በዓለም ላይ በእንጉዳይ መርዝ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለው ዓይነት በምን እንደሚለይ፣ ምልክቶቹ እስከ የት እንደሚያስኬዱና የት ላይ እንደሚያቆሙ ደረጃ በደረጃ እንይ።

ደኑ ራሱ እንግዳ ነው

ከመሬት በላይ የምናየው ባርኔጣና እግር የፈንገሱ ሙሉ አካል አይደለም። ዋናው አካል አፈር ውስጥ የተዘረጋ፣ ከፀጉር የቀጠነ የክር መረብ ነው። እኛ እንጉዳይ የምንለው፣ ማንጎ ለዛፉ እንደሆነው ሁሉ፣ ዘር ለመበተን የሚወጣ ፍሬ ነው። ፍሬው በቀናት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ክሩ ግን ለዓመታት ይኖራል።

ከእነዚህ ፈንገሶች ብዙዎቹ ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምረው ይኖራሉ። ክሩ ለዛፉ ውኃና ፎስፎረስ ያቀብላል፤ ዛፉም በፈንታው በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይሰጠዋል። ጥምረቱ ግን ከተገኘው ሁሉ ጋር አይደለም። የእንጦጦ ነባር ዛፎች የሆኑት የሐበሻ ጥድና ወይራ በሥራቸው የሚያስተናግዷቸው ፈንገሶች ባርኔጣ የማያወጡ ናቸው። ባሕር ዛፍና ፓይን ግን ባርኔጣ ከሚያወጡትም ጋር ይጣመራሉ። አማኒታ የሚባለው ወገን፣ ገዳዮቹ የሚገኙበት፣ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ይህን ከታሪኩ ጋር እናያይዘው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ከአካባቢው እየጠፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ባሕር ዛፍ ከውጭ ገብቶ ተተከለ፤ ቆይቶ ደግሞ ፎረስተሮች ፓቱላና ራዲያታ የሚሏቸው የፓይን ዓይነቶች ተከተሉ። ዛፍ ደግሞ ብቻውን አይጓዝም። የፓይን ችግኝ አጋር ፈንገሱ በሌለበት አፈር ላይ ሲተከል ይቀጭጫል። ስለዚህ በአፍሪካ የችግኝ ጣቢያዎች ከቆየ የፓይን ደን አፈር አምጥቶ መደቡ ላይ መበተን የተለመደ ሥራ ነበር። ከዚያ አፈር ጋር ምን ምን እንደሚገባ የሚመርጥ አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ተከሳሽ አማኒታ ፋሎይደስ ይባላል። የትውልድ አገሩ አውሮፓ፣ የሚወደውም የኦክ ዛፍ ሥር ነው። ከአገር አገር ከተዘዋወሩ ችግኞች ጋር ግን ሰሜን አሜሪካ፣ ደቡብ አሜሪካና አውስትራሊያ ገብቷል። በአፍሪካም በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ የፓይን ደኖች ውስጥ ይታወቃል። ስለዚህ ፓይን በተተከለበት ደጋ የሚኖር ሰው መልኩን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ይህ ነው፦ የዛሬው የእንጦጦ ደን ዕድሜው ከ130 ዓመት ብዙም አይበልጥም። በደጋው ሸዋ እንጉዳይ የዘወትር ምግብ ሆኖ አልኖረም፤ ይህ ደን ደግሞ ከነነዋሪዎቹ በቅርቡ የመጣ ነው። ስለዚህ አያት ለልጅ ልጅ ያወረሰችው፣ «ይሄኛው ይበላል፣ ያኛው አይበላም» የሚል የተፈተነ ዕውቀት እዚህ የለም።

ዕውቀት ከአገሩ ሲወጣ

እንዲህ ያለው ዕውቀት ያለባቸው ሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች ግን አሉ። በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት መዠንግሮች እንጉዳይን ለይተው ይሰበስባሉ፤ ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ኖቡኮ ቱኖ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለዚሁ ልማዳቸው ጽፋለች። በምዕራቡ ቆላ ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚወጣው ትልቁ እንጉዳይ የተወደደ ምግብ ነው። ያንን እየበላ ያደገ ሰው ኮተቤ መጥቶ ቤት ቢከራይና ቅዳሜ ጠዋት ጫካ ቢወጣ፣ ዓይኑ የሚፈልገው የለመደውን ነው። የሚያገኘው ግን ከሌላ አህጉር የመጣውን ሊሆን ይችላል።

ይህ ስጋት በሌላው ዓለም በሞት ተፈትኗል። በምሥራቅ እስያ በሩዝ ገለባ ላይ የሚበቅልና በገበያ የሚሸጥ እንጉዳይ አለ፤ ገና ሲፈለፈል እንደ አማኒታ ሁሉ ከከረጢት ይወጣል። ከዚያ አካባቢ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ አውስትራሊያ የተሰደዱ ሰዎች፣ የአገራቸውን ያገኙ መስሏቸው አማኒታ ፋሎይደስን በልተው ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 መግቢያ በካንቤራ ከአንድ የአዲስ ዓመት ዋዜማ እራት በኋላ ሁለት ሰዎች ያለፉት በዚሁ እንጉዳይ ነው። ሜልበርንም፣ ሳን ፍራንሲስኮም ዛሬ የሐበሻ ከተሞች ናቸውና ነገሩ የውጭ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም። እነዚያ ሰዎች አላዋቂ አልነበሩም፤ የሚያውቁት የሌላ ምድር እንጉዳይ ነበር።

ከባርኔጣው እስከ ከረጢቱ

እንግዲህ ተከሳሹን ከላይ ወደ ታች እንመልከተው። ባርኔጣው ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ዝናብ ሲያጥበው ወይም ሲያረጅ ወደ ነጭነት ይገረጣል፤ ከመጀመሪያው ነጭ የሆነም ይገኛል። ስለዚህ በቀለም ብቻ የሚፈርድ ሰው ይስታል። ገጹ ልሙጥ ነው፤ ሲረጥብ ያብለጨልጫል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉበት።

ባርኔጣውን ገልብጡት። ከሥሩ የተደረደሩት ስስ ሽንሽኖች ነጭ ናቸው፤ እንጉዳዩ ቢያረጅም ነጭ ሆነው ይቆያሉ፤ እግሩንም አይነኩትም። ከእግሩ ላይኛው ክፍል ቀጭን ነጭ ሽፋን እንደ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። ቀለበት የምንለው እርሱን ነው፤ በዝናብና በንክኪ ሊረግፍም ይችላል።

ዋናው ምልክት ግን ከመሬት በታች ነው። እግሩ ታች ሲደርስ ያብጥና ነጭ፣ ስስ፣ ጠርዙ የተቀደደ ከረጢት ውስጥ ይቆማል። ይህ ከረጢት እንጉዳዩ ሕፃን ሳለ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት የነበረው ቆዳ ቅሪት ነው። ብዙ ሰው እንጉዳይን ከአንገቱ ቀጥፎ ያነሣል፤ ያኔ ከረጢቱ በረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠልና በአፈር ተሸፍኖ እዚያው ይቀራል። በእጅ የመጣው ባርኔጣና ግማሽ እግር፣ ዋናው ማስረጃ የተቆረጠበት ነው ማለት ነው። ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእግሩ ዙሪያ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ቢላዋውን ቁልቁል ይሰካና እንጉዳዩን ከነአፈሩ ፈንቅሎ ያወጣል፤ ከዚያ አፈሩን በጣቱ ቀስ እያለ ያራግፋል። በመንካት የሚመጣ ጉዳት የለም፤ መርዙ የሚሠራው ሲዋጥ ነው። እጅን ታጥቦ መጨረስ በቂ ነው።

ሕፃኑ እንጉዳይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ገና ከከረጢቱ ሳይወጣ ነጭ እንቁላል መስሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ይገኛል። በዚህ ዕድሜው በብዙ አገር ከሚበላውና ሲያረጅ ዱቄት ከሚያቦነው ድቡልቡል እንጉዳይ ጋር ያምታታል። መለያው ከላይ እስከ ታች ለሁለት መሰንጠቅ ነው። ውስጡ የባርኔጣ፣ የሽንሽንና የእግር ቅርጽ እንደ ሥዕል ተነድፎ ከታየ አማኒታ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ወደ ሐምራዊነት የሚያደላ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ስክሌሮደርማ የሚባለው መርዘኛ ነው፤ እርሱም በባሕር ዛፍና በፓይን ሥር የሚኖር ወገን ነው።

በብርጭቆ ሥር የሚታየው ዱቄት

በኢትዮጵያ ደጋ የሣር መስክ ላይ የሚበላ እንጉዳይም አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ አጋሪከስ ካምፔስትሪስ ይባላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳዊት አባተ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለዚሁ እንጉዳይ በኢትዮጵያ ደጋ መገኘት ጽፈዋል። በሱፐርማርኬት በነጭ ክብ ባርኔጣው የምናውቀው እንጉዳይም የዚሁ ወገን ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ከገረጣ አማኒታ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ነጭ ባርኔጣ አለው፣ ቀለበትም አለው። ልዩነቱ ከሽንሽኑ ይጀምራል፤ የአጋሪከስ ሽንሽን በልጅነቱ ሮዝ፣ ሲበስል የቸኮሌት ቡኒ ነው። ከእግሩ ሥርም ከረጢት የለውም።

ልዩነቱን ያለ ማይክሮስኮፕ በቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል። የእንጉዳዩ እግር ከባርኔጣው ሥር ይቆረጥና ባርኔጣው ሽንሽኑን ወደ ታች አድርጎ በሁለቱ ቀለሞች መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል። አየር እንዳያናውጠው ብርጭቆ ይደፋበታል። በማግስቱ ጠዋት ሲነሣ የሽንሽኖቹ መስመር በዱቄት ተሥሎ ይገኛል፤ ዱቄቱ ስፖር ነው፣ የፈንገሱ ዘር። አጋሪከስ ጠቆር ያለ ቡኒ ይጥላል፤ ነጩ ወረቀት ላይ ጎልቶ ይታያል። አማኒታ ነጭ ይጥላል፤ እርሱ የሚታየው ጥቁሩ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በሞቃት አገሮች የሣር ሜዳ ላይ የሚበቅለውና ብዙ ሰው በትውከትና በተቅማጥ የሚያሠቃየው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ ደግሞ አረንጓዴ ይጥላል፤ ከሌሎቹ የሚለየው አንዱ ምልክት ይህ ነው። ሥራው ሲያልቅ እንጉዳዩና ወረቀቱ ሕፃን ከማይደርስበት ይጣላሉ፤ ጠረጴዛውም ይታጠባል።

ምልክት ይከሳል እንጂ ነጻ አያወጣም

እዚህ ላይ ቆም ብለን ምልክቶቹ ምን ያህል እንደሚያስኬዱ እናስተውል። ነጭ ሽንሽን፣ ቀለበት፣ ከረጢትና ነጭ ስፖር አንድ ላይ ከተገኙ ክሱ ከባድ ነው፤ እንጉዳዩ ይጣላል። ነገር ግን ከረጢት የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ሌፒዮታ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ አንዳንድ ትናንሽ እንጉዳዮች ከረጢት ሳይኖራቸው ያንኑ ገዳይ መርዝ ይሸከማሉ። በሰበሰ እንጨት ላይ የሚበቅለው ትንሹ ቡናማ ጋለሪና ማርጊናታም እንዲሁ ነው፤ የእርሱ ስፖር ደግሞ የዝገት ቀለም አለው። የተማርናቸው ምልክቶች «ይህ አደገኛ ነው» ለማለት ያስችሉናል። «ይህ ይበላል» ለማለት ግን ዝርያውን በስሙ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል።

በየአገሩ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉት አቋራጭ ፈተናዎችም የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው። «የብር ማንኪያ ካጠቆረ መርዝ ነው» ይባላል፤ ብር የሚጠቁረው በድኝ ነው፣ የአማኒታ መርዝ ደግሞ ብር አያጠቁርም። «ነጭ ሽንኩርት አብሮ ሲቀቀል ቀለሙ ከተለወጠ መርዝ ነው» ይባላል፤ እርሱም ከመርዙ ጋር ግንኙነት የለውም። «ቀንድ አውጣ ወይም ትል ከበላው ሰውም ይበላዋል» ይባላል፤ ቀንድ አውጣ አማኒታን በልቶ በሰላም ይሄዳል። «ቀቅሎ ውኃውን መድፋት» ለአንዳንድ መርዞች ይረዳ ይሆናል፤ የአማኒታው አማቶክሲን ግን አይበገርም። መቀቀል፣ መጥበስ፣ ማድረቅም ሆነ ማቀዝቀዝ አያጠፋውም። ከሁሉ የከፋው «ጣዕሙ ይናገራል» የሚለው ነው፤ አማኒታ ፋሎይደስን በልተው የተረፉ ሰዎች ምግቡ ጣፋጭ እንደነበር ተናግረዋል።

በሆድ ውስጥ ያለው ሰዓት

አማቶክሲን የሚያጠቃው ሕዋስ የራሱን ፕሮቲን ለመሥራት ትእዛዝ የሚቀዳበትን ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ሲታሰር ሕዋሱ አዲስ ፕሮቲን መሥራት ያቅተዋል፤ በእጁ ያለው ሲያልቅ ይሞታል። ቀድሞ የሚጎዳው የአንጀት ግድግዳ፣ ቀጥሎ መርዙ በደም በኩል የሚደርስበት ጉበት ነው። ጉበት መርዙን በሐሞት አድርጎ ወደ አንጀት ሲያስወጣው አንጀት መልሶ ይመጥጠዋል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ጉበትን ደጋግሞ ይመታል። አንድ መካከለኛ ባርኔጣ አዋቂ ሰውን ለመግደል ይበቃል።

የበሽታው አካሄድ አታላይ ነው። ከተበላ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት ምንም ስሜት የለም። ከዚያ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከትና እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ ይጀምራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል፤ ከሆስፒታል ይዞ የሚወጣም አለ። ጉበቱ እየሞተ ያለው ግን ያኔ ነው። ቀጥሎ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ደም መፍሰስና መቀባዠር ይከተላል። ሕክምና ባለበት እንኳ ከ100 ታማሚ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይሞታሉ።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ቀላል የሰዓት ሕግ አለ። እንጉዳይ የበላ ሰው ሕመሙ የጀመረው ከበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ከሆነ አማቶክሲን ነው ተብሎ መታሰብ አለበት፤ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ። በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚጀምር ትውከት አብዛኛውን ጊዜ ከቀለለ መርዝ ነው። ይህ ግን መተማመኛ አይሆንም፤ በአንድ መጥበሻ ሁለት ዓይነት እንጉዳይ ገብቶ ከሆነ ቀላሉ ቀድሞ እያስታወከ ገዳዩ ከኋላ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ የጫካ እንጉዳይ የበላና የተጠራጠረ ሰው እስኪያመው ድረስ መጠበቅ የለበትም። ወተት፣ ዘይት ወይም ኮሶ እየሞከረ ሰዓት አያባክን፤ በግድ ለማስታወክም አይታገል። ወዲያው ወደ ቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ አምቡላንስ ካስፈለገ በአዲስ አበባ የቀይ መስቀሉ 907፣ የእሳትና አደጋው 939 ነው። ሦስት ነገሮችን ይዞ ወይም አጣርቶ ይሂድ፦ የተረፈውን እንጉዳይ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ በወረቀት ጠቅልሎ፤ የተበላበትን ሰዓት፤ አብረው የበሉትን ሁሉ፣ ያላመማቸውንም ጨምሮ። ሐኪሙ በሰዓታት ልዩነት የሚሰጠው የከሰል መድኃኒት መርዙ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚመላለስበትን መንገድ ለመዝጋት ነው፤ በፈሳሽ የሰውነትን ድርቀት ይከላከላል፤ ሲሊቢኒንና አሲቲልሲስቴይን የሚባሉትም ለጉበት ይሰጣሉ። ጉበቱ ፈጽሞ ከወደቀ የሚቀረው ንቅለ ተከላ ብቻ ነው። ሁሉም የሚሻለው ቀድሞ ሲጀመር ነው።

የማወቅ ጉጉቱን ግን ማንም መቅበር የለበትም። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ቤተሰብ ከነልጁ ወደ ደኑ ይወጣል። ልጅ እንጉዳይ ሲያይ «አትንካ» ከሚባል «አትቅመስ፣ ና አብረን እንየው» ቢባል ይማርበታል። ከጎን፣ ከላይ፣ ከሥርና ከመሐል ተሰንጥቆ በስልክ ፎቶ ይነሣ። በየትኛው ዛፍ ሥር እንደበቀለ፣ ባሕር ዛፍ ይሁን ፓይን ወይም የሐበሻ ጥድ፣ ከነቀኑ ይጻፍ። የስፖሩ ቀለም በማግስቱ ይጨመርበት። ይህን ይዞ የሚሄድ ሰው የዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህር በቁም ነገር ያነጋግረዋል፤ የተቀጠፈች ባርኔጣ ብቻ ይዞ ለሚመጣ ግን ማንም ባለሙያ ቁርጥ ያለ መልስ ሊሰጠው አይችልም። አያቶቻችን ሊያወርሱን ያልቻሉት የዚህ ደን ዕውቀት የሚጠራቀመው እንዲህ ነው። እስኪጠራቀም ድረስ የፍልሰታው የእንጉዳይ ጥብስ ከአልሚዎች በተገዛ እንጉዳይ ይሠራ።